ኪውጂአይኤስ (የካርታ መስሪያ ሶፍትዌር) ላይ የበጋ መንገድ መስመሩ ሲታተም ድፍን ሆኖ እየወጣ ነው፣ ምን ይሻላል?

የማና ልጅ፦

ሰላም ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ያለሁት ጅማ ነው፣ ስራዬ ከቡና ጋር የተያያዘ ነው፣ አሁን የያዝኩት ደግሞ ከእሸት ቡና መሰብሰቢያ ቦታዎች እስከ ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ድረስ ያለውን መንገድ በካርታ ማውጣት ነው፣ ማናን፣ ጎማንና ሊሙ ኮሳን ይነካል፣ ወረዳ በወረዳ ለየብቻ ነው ማወጣው። ካርታውን ሚጠቀሙት ሹፌሮችና ቡና ተቀባዮች ናቸው፣ ስክሪን ላይ ሚያየው ሰው የለም፣ በኤ4 ይታተምና ከዛ ፎቶኮፒ እየተደረገ ይታደላል፣ ያውም ጥቁርና ነጭ።

መንገዱን ከኦፕንስትሪትማፕ (ነጻው የኢንተርኔት ካርታ) አውርጄ የጎደለውን በስልክ ጂፒኤስ እየሞላሁ በአራት ከፍዬዋለሁ፣ አስፋልት፣ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ጠጠር፣ በበጋ ብቻ የሚያስኬድ፣ እና የእግርና የበቅሎ መንገድ። ካታጎራይዝድ (በዓይነት መለያ) አድርጌ ለየራሳቸው መስመር ሰጠኋቸው፣ ለጠጠሩ ድርብ መስመር ማለትም ከስር ወፍራም ጥቁር ከላይ ቀጠን ያለ ነጭ፣ ለበጋው የተቆራረጠ። ስክሪን ላይ አቅርቤ ሳየው ያምራል። ሌይአውት (የህትመት ገጹ) ላይ በ1፡150,000 አድርጌ ሳትመው ግን የተቆራረጠው መስመር አብዛኛው ቦታ ላይ ድፍን ሆኖ ነው ሚወጣው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ይቆራረጥና እዛ ጋ ደግሞ ድፍን ይሆናል። ድርቡ መስመር ደሞ መገናኛ ላይ ሲደርስ ጥቁሩ ጠርዝ የሌላኛውን መንገድ አፍ ይዘጋዋል፣ ያየ ሰው መንገዱ እዛ ጋ ያበቃል ነው ሚለው። የእግር መንገዱ ስክሪን ላይ ደህና ውፍረት ነበረው፣ ወረቀት ላይ ግን በጣም ቀጥኖ ፎቶኮፒው ጨርሶ አጠፋው።

ከሁሉም የሚያስጨንቀኝ የመጀመሪያው ነው። ጥቅምት ላይ ቡናው ሲደርስ እኛ ጋ ዝናቡ ገና ሙሉ በሙሉ አላቆመም፣ ሹፌሩ ካርታውን አይቶ ድፍን ነው ብሎ አይሱዙውን ይዞ ከገባ እዛው ጭቃ ውስጥ ነው ሚያድረው፣ እሸቱ ደግሞ በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይሄዳል፣ ገበሬው ነው በዋጋ ሚጎዳው። ስለዚህ ይሄ መስመር በትክክል መታየት አለበት። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ኪቶ ሰፈር፦

እህቴ ለምን በቀለም አትለዪውም? አስፋልቱን ቀይ፣ ጠጠሩን ብርቱካናማ፣ የበጋውን ቡኒ አድርጊው፣ ዳሽ (የተቆራረጠ መስመር) ምናምን ውስጥ ሳትገቢ ያልቃል።

የእግር መንገዱ ሲታተም ሚቀጥነው ግን ዩኒቱ ፒክስል ላይ ሆኖ እንደሆነ እዪ። ተራ ስክሪን ላይ 1 ፒክስል 0.26 ሚሊሜትር ገደማ ነው፣ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ሲወጣ ግን 1 ፒክስል 0.085 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ሲሶ ሆነ ማለት ነው። ሲምቦሎጂ (የመስመሩ መልክ ሚቀየርበት) ውስጥ ስትሮክ ዊድዝ (ውፍረት) ከሚለው ጎን ያለውን ዩኒት ሚሊሜትር አድርጊው፣ ስክሪንም ወረቀትም ላይ አንድ ዓይነት ይሆናል። ማፕ ዩኒት (በካርታው ኮኦርዲኔት መለኪያ ሚሄደው) ሚለውን ግን አትንኪው፣ በተለይ ኮኦርዲኔቱ በዲግሪ ከሆነ፣ 1 ዲግሪ 111 ኪሎሜትር ገደማ ስለሆነ 0.5 ብለሽ ከጻፍሽ አንዱ መስመር ጅማንም አጋሮንም አንድ ላይ ይሸፍናቸዋል። ለማንኛውም ፕሮጀክቱን ዩቲኤም ዞን 37 ኖርዝ (በሜትር ሚለካ የኮኦርዲኔት ስርዓት) ላይ ብታደርጊው ጥሩ ነው፣ ርቀት ለመለካትም ይመችሻል።

ኮንቱር 20፦

የፒክስሉ ነገር ልክ ነው፣ በቀለሙ ግን አልስማማም ወንድሜ፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶኮፒ ነው ተብሏል እኮ፣ እዛ ውስጥ ቀይም ቡኒም ግራጫ ነው ሚሆኑት፣ ሁለተኛ ፎቶኮፒ ላይ ደግሞ ጭራሽ አይለዩም። ቅርጽና ውፍረት ግን ይተርፋል። የድሮዎቹ 1፡50,000 ቶፖ ካርታዎች ክረምት ከበጋ የሚያስኬደውን መንገድ ከበጋ ብቻው በመስመሩ ቅርጽ ይለዩት ነበር፣ እኔ አሁንም ለኛ አገር ከዛ የተሻለ አከፋፈል አላየሁም፣ አስፋልት ነው ወይስ ጠጠር ነው ከሚለው ይልቅ ሐምሌ ላይ ያስገባል ወይ የሚለው ነው ዋናው ጥያቄ። እህት አለም በዚህ መከፋፈልሽን ወድጄዋለሁ።

ወደ ዳሹ ልምጣ። ችግሩ ዳሹ ላይ ሳይሆን ዳታው ላይ ነው ብዬ እገምታለሁ። ኦፕንስትሪትማፕ ላይ አንድ መንገድ አንድ መስመር ሆኖ አይደለም ሚቀመጠው፣ ድልድይ ሲኖር ይቆረጣል፣ ስሙ ሲቀየር ይቆረጣል፣ ሰርፌሱ ሲቀየር ይቆረጣል፣ አንቺ በጂፒኤስ የጨመርሽውም ሌላ ቁራጭ ነው። ኪውጂአይኤስ ደግሞ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ዳሹን ከመጀመሪያው ነው ሚጀምረው። እንግዲህ ሂሳቡን እዪው፣ 200 ሜትር የሆነ ቁራጭ በ1፡150,000 ወረቀት ላይ 1.3 ሚሊሜትር ነው፣ ዳሽሽ 2 ሚሊሜትር ከሆነ ክፍተቱ ጋ ሳይደርስ ቁራጩ አለቀ፣ ቀጣዩም እንደገና ከዳሽ ይጀምራል፣ ከዛ ቀጣዩም፣ በቃ ድፍን መስመር ሆነ። ስክሪን ላይ አቅርበሽ ስታዪው ያው 200 ሜትር ብዙ ሴንቲሜትር ስለሚሆን ዳሹ በደንብ ይታያል። እዚህ ይቆራረጣል እዛ ድፍን ይሆናል ያልሽውም ለዚህ ነው፣ ቁራጮቹ ረዘም ያሉበት ቦታ ላይ ነው ሚቆራረጠው።

መፍትሄው ቁራጮቹን ማገናኘት ነው። ለህትመት ሚሆን ኮፒ አውጪና ፕሮሰሲንግ ውስጥ ዲዞልቭን (ዓይነታቸው አንድ የሆነውን ሚያዋህደውን) በመንገድ ዓይነቱ ፊልድ አስኪጂው፣ ከዛ መርጅ ላይንስ (ሚነካኩትን ቁራጮች ሚቀጥለው)፣ ከዛ መልቲፓርት ቱ ሲንግልፓርትስ (መስመሮቹን ለየብቻ ሚያደርገው)። ከመገናኛ እስከ መገናኛ አንድ መስመር ይሆንልሻል። ኦሪጅናሉን እንዳትነኪው፣ የመንገድ ስምና ሌላውን መረጃ ዲዞልቩ ይበላዋል። ዳታውን መንካት ካልፈለግሽ ከ3.18 ጀምሮ ሲምቦሎጂ ላይ መርጅድ ፊቸርስ ሚባል አለ፣ እሱን መርጠሽ ከውስጡ ካታጎራይዝድ ስታደርጊ ለእይታ ብቻ ያገናኛቸዋል። ግን ዳታው ትልቅ ከሆነ ማሽኑን ያዘገየዋል፣ እኔ ለህትመት ኮፒውን ነው ምመርጠው።

ሁለተኛ ብዙ ሰው ማያየው ነገር ካፕ ስታይል ማለትም የመስመሩ ጫፍ ቅርጽ ነው። ሲምፕል ላይን ሲፈጠር ካፑ ስኩዌር ሆኖ ነው ሚመጣው፣ ስኩዌርም ሆነ ራውንድ ካፕ የእያንዳንዱን ዳሽ ጫፍ በመስመሩ ውፍረት ግማሽ ያህል ወደ ውጪ ያስረዝመዋል። ከሁለት ወገን ሲሆን ክፍተቱ በሙሉ ውፍረቱ ልክ ጠበበ ማለት ነው። መስመርሽ 0.7 ሚሊሜትር ሆኖ ክፍተቱን 0.6 ካልሽው ክፍተት ሚባል ነገር የለም፣ ተዘግቷል። ካፑን ፍላት አድርጊው፣ ያኔ የጻፍሽው ቁጥር ራሱ ወረቀቱ ላይ ይወጣል።

ዩዝ ከስተም ዳሽ ፓተርን ሚለውን ምልክት አድርገሽ ቁጥሩን ራስሽ አስገቢ፣ የተዘጋጁትን ዳሽ ላይን ዶት ላይን ሚባሉትን ተያቸው፣ እነሱ ከመስመሩ ውፍረት ጋር አብረው ስለሚያድጉ ውፍረት በቀየርሽ ቁጥር መልካቸው ይቀየራል። ለፎቶኮፒ እኔ ብሆን አስፋልቱን ድፍን ጥቁር 1 ሚሊሜትር፣ ጠጠሩን ድርብ ከስር ጥቁር 1.1 ከላይ ነጭ 0.5፣ የበጋውን 0.6 ሆኖ ዳሽ 2 ክፍተት 1.2፣ የእግሩን 0.35 ሆኖ ዳሽ 0.5 ክፍተት 0.8 ነው ማደርገው። ከ0.3 በታች ግን አትውረጂ፣ የፎቶኮፒ ማሽኑ ቀለም ሲያንሰው መጀመሪያ ሚጠፋው እሱ ነው። ደግሞ አትሳሳቺ፣ በ1፡150,000 1 ሚሊሜትር 150 ሜትር ነው፣ መንገዱ እውነት 150 ሜትር ሰፍቶ አይደለም፣ ካርታ ላይ መንገድ ሁሌም ተጋኖ ነው ሚሳለው፣ ስለዚህ ሁለት መንገድ በጣም ተቀራርቦ ሚሄድበት ቦታ ላይ እርስ በርስ እንዳይበላሉ እዪ።

መገናኛው ላይ ያለው ደግሞ ቀላል ነው። አሁን ኪውጂአይኤስ አንዱን መንገድ ጥቁሩንም ነጩንም ጨርሶ ነው ወደ ሌላው ሚሄደው፣ ኋላ የተሳለው መንገድ ጥቁር ጠርዝ የፊተኛውን ነጭ ይሸፍነዋል። ሲምቦሎጂው ከታች አድቫንስድ ሚል አለ፣ እሱ ውስጥ ሲምቦል ሌቭልስ፣ ኢኔብል አድርጊና ጥቁሩን 0 ነጩን 1 ስጪው። ያኔ የሁሉም መንገድ ጥቁር መጀመሪያ ተስሎ ካለቀ በኋላ ነው ነጩ ከላይ ሚመጣው፣ መገናኛው ይከፈታል። አስፋልቱን 2 ስጪው ከሁሉም በላይ እንዲሆን፣ የበጋውንና የእግሩን 0 ላይ ተያቸው ከስር ይግቡ። ጆይን ስታይሉን (መስመሩ ሲታጠፍ ያለውን ቅርጽ) ደግሞ ራውንድ አድርጊው፣ የሊሙ መንገድ ጠመዝማዛ ነው፣ ቤቭል ከሆነ ኩርባው ሁሉ የተቆረጠ ይመስላል።

አባ ዳገት፦

ልጆቼ እንዴት ናችሁ። እኔ ኮምፒውተሩን አላውቅበትም፣ ዕድሜዬን በጭነት መኪና ነው የጨረስኩት፣ በቡና ሰዓት ከሊሙም ከጌራም ከደዶም ጭኛለሁ። ልጄ የጀመርሽው ስራ ጥሩ ነው፣ ለሹፌር እንዲህ ያለ ካርታ ሚሰጥ አላየሁም፣ ስለዚህ አንድ ሁለት ነገር ልበል።

መንገድ ሙሉውን የበጋ ነው አይባልም። ብዙዎቹ መንገዶች እስከ ወንዙ ድረስ ክረምትም ያስኬዳሉ፣ ወንዙ ድልድይ ስለሌለው ከዛ ወዲያ ነው ሚዘጋው። አንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ መግቢያው ላይ ያለው ጥቁር አፈር ነው ሚይዝሽ፣ እሱን ካለፍሽ ከላይ ቀዩ አፈር ጠጠር አለው ይሄዳል። ሙሉውን ከቆራረጥሽው ሹፌሩ ወንዙ ድረስ ሄዶ በሰው ሸክም ተሻግሮ ሚመጣለትን እሸት መጫን ሲችል ቀርቶ ይመለሳል፣ ሙሉውን ድፍን ካደረግሽው ደግሞ ወንዙ ላይ ይቆማል። የት ጋ እንደሚዘጋ ነው ምፈልገው እኔ።

ሁለተኛው ዳገት ነው። ባዶ መኪና ወርዶ ይገባል፣ ሲጫን ግን ያንን ዳገት ተመልሶ አይወጣውም፣ ዝናብ ካካፋበት ደሞ ጭራሽ። በየትኛው በኩል ሲኬድ ዳገት እንደሆነ መስመሩ ላይ ምልክት ቢኖረው ስንት ሰው ከማደር ይድናል።

የማና ልጅ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ፣ ገለቶማ፣ ይሄን ከቢሮ ማንም አይነግረኝም ነበር። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ኮንቱር 20 እንዳልከው ዲዞልቭና መርጅ አድርጌ ካፑን ፍላት ሳደርገው የበጋው መስመር ወረቀት ላይ ጥርት ብሎ ተቆራርጦ ወጣ፣ ሲምቦል ሌቭልሱም መገናኛዎቹን ከፍቷቸዋል፣ ከአጋሮ ወደ ገጠሩ ሚገነጠሉት ሁሉ አሁን አፋቸው ይታያል። ፎቶኮፒውን እንደገና ፎቶኮፒ አድርጌም አየሁት፣ አራቱም ይለያሉ።

አሁን ጋሼ ያሉትን ላስገባ ነው። መስመሩን ወንዙ ላይ ቆርጬ ከዛ ወዲህ ጠጠር ከዛ ወዲያ የበጋ ላድርገው፣ ግን ዲዞልቭ ሳደርግ መልሶ አይገጣጥምብኝም ወይ? የዳገቱ ቀስትስ መስመሩ ላይ እንዴት ይቀመጣል? ቀስቱን አንድ በአንድ ነጥብ አድርጌ ማዞር ከሆነ አልጨርሰውም።

ኮንቱር 20፦

ጋሼ አባ ዳገት ትልቅ ነገር ነው የተናገሩት፣ እኔ ከቴክኒኩ አልፌ አላሰብኩትም ነበር፣ እድሜ ይስጥልን።

አይገጣጥምብሽም። ዲዞልቩ ሚያገናኘው የመንገድ ዓይነታቸው አንድ የሆነውን ብቻ ነው። ኦሪጅናሉ ላይ ስፕሊት ፊቸርስ በሚለው ወንዙ ላይ ትቆርጪዋለሽ፣ ወዲያ ማዶ ያለውን ዓይነቱን ቀይሪው፣ ከዛ ነው ዲዞልቭ፣ ቅደም ተከተሉን ብቻ ጠብቂ። መሻገሪያውን ራሱን ግን በመስመሩ ምልክት ለማሳየት አትሞክሪ፣ ኦን ላስት ቨርቴክስ ብለሽ መጨረሻው ላይ አሞሌ ማስቀመጥ ይቻላል ግን መስመሩ በየት በኩል እንደተሳለ ስለሚወሰን ግማሹ ያለቦታው ይገባል። ለብቻው የነጥብ ሌየር አድርጊለት፣ ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ብለሽ፣ በዛ ላይ እየቆየ ድልድይ ሲሰራለት ነጥቡን ማጥፋት ነው።

ለዳገቱ ማርከር ላይን ነው ሚያስፈልግሽ። ዳገታማውን ክፍል ብቻ ለይተሽ ሌላ ሌየር ላይ አውጪው፣ ሲምቦሉን ሲምፕል ላይን የነበረውን ማርከር ላይን አድርጊውና ከውስጡ ሲምፕል ማርከር ላይ የቀስት ጫፍ ምረጪ። መስመሩን ተከትሎ እንዲዞር ሚያደርገው ሮቴት ማርከር ቱ ፎሎው ላይን ዳይሬክሽን ሚለው ምልክት ይደረግበት፣ አንድ በአንድ ማዞር የለም። አጭር ዳገት ከሆነ ኦን ሴንትራል ፖይንት፣ አንድ ቀስት መሃሉ ላይ ይበቃል፣ ረጅም ከሆነ ዊዝ ኢንተርቫል አድርገሽ 6 ሚሊሜትር ገደማ ስጪው፣ ከዛ ካበዛሽው መስመሩን ይሸፍነዋል። ቀስቱ ወደ ላይ ወደ ዳገቱ ያመልክት፣ ይሄንንም ሌጀንዱ (የምልክት መፍቻው) ላይ ጻፊው፣ አንዳንዱ ወደ ቁልቁለቱ ነው ሚያመለክተው ብሎ ያስባል።

ቀስቱ የት እንደሚያይ ሚወስነው መስመሩ ሲሳል የተጀመረበት ጫፍ ነው። ከላይ ወደ ታች ተስሎ ከሆነ ቀስቱ ቁልቁል ይሆናል፣ እሱን መርጠሽ ሪቨርስ ላይን ዳይሬክሽን ማድረግ ነው። ይሄን ሌየር ግን ዲዞልቭም መርጅም እንዳታስነኪው፣ ሲገናኙ አቅጣጫቸው ሊገለበጥ ይችላል፣ የተገለበጠ ቀስት ደግሞ ከሌለ ቀስት ይብሳል። ለየብቻው ይቆይ።

በዚሁ ወንዞቹንም ብትዪ፣ ግልገል ጊቤንና ገባሮቹን ድፍን፣ በበጋ ሚደርቁትን ጅረቶች የተቆራረጠ ማድረግ የተለመደ ነው፣ ግን አንቺ ጋ የተቆራረጠው የበጋ መንገድ ስለሆነ በጥቁርና ነጭ ይምታታል። ወንዙን ግራጫ ቀጭን ድፍን አድርጊው፣ ሚደርቀውን ተይው ባይኖርም ይቅር፣ ካርታው የመንገድ ካርታ ነው።

ኪቶ ሰፈር፦

ሌላ ወረዳ ስትሰሪ ይሄን ሁሉ ከዜሮ እንዳትጀምሪ። ዳታውን ጂኦፓኬጅ (የካርታ ዳታ ማስቀመጫ ፋይል) ላይ አድርገሽ ስታይሉን እዛው ዳታቤዙ ውስጥ ሴቭ አድርጊው፣ ፋይሉን ለሌላ ሰው ስትሰጪ መስመሩ አብሮ ይሄዳል። ካልሆነ ኪውኤምኤል (የስታይል) ፋይል አድርገሽ ማስቀመጥ ነው፣ ወይም እዛው ፕሮጀክት ውስጥ ከሆነ ሌየሩን በቀኝ ክሊክ ኮፒ ስታይል ፔስት ስታይል።

ሼፕፋይል (የድሮው የካርታ ፋይል ዓይነት) ላይ ከሆንሽ ደግሞ ውጪበት፣ የፊልድ ስም እዛ ከ10 ባይት አያልፍም፣ የኛ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አንዱ 3 ባይት ስለሚይዝ ሦስት ፊደል ሲሞላ ይቆርጠዋል፣ የመንገድ ዓይነት ብለሽ የጻፍሽው የመን ሆኖ ነው ምታገኚው። ጂኦፓኬጅ ላይ እንደፈለግሽ በአማርኛ ጻፊ።

ከዛ ሌጀንዱ። ሌይአውት ላይ ሌጀንዱ ውስጥ ሚታየው የመስመር ናሙና ሲመጣ 7 ሚሊሜትር ነው ርዝመቱ፣ ዳሽ 2 ክፍተት 1.2 በ7 ሚሊሜትር ውስጥ ሁለት ዳሽና ትንሽ ቁራጭ ብቻ ስለሚታይ ከእግር መንገዱ ጋር ያምታታል። ሲምቦል ዊድዙን 15 አድርጊው፣ ፒዲኤፍ ስታወጪም ኦልዌይስ ኤክስፖርት አዝ ቬክተርስ ሚለውን ምልክት አድርጊ፣ መስመሩ ሳይደበዝዝ ይወጣል።

አባ ዳገት፦

ልጄ ሌጀንድ ያላችሁት ላይ የበጋ መንገድ ብቻ ብለሽ አትተዪው። ሹፌር የበጋ ሲባል ጥቅምትም በጋ ነው ብሎ ይገባል። ዝናብ ከጣለ ሁለት ቀን አይገባም ብለሽ ጻፊው፣ በኦሮምኛም ከስሩ ይጻፍበት፣ ከገጠር ሚመጡት ረዳቶች እነሱ ናቸው መንገዱን ሚያነቡት።

የማና ልጅ፦

እሺ ጋሼ፣ በሁለቱም ቋንቋ ይጻፋል። ዲዞልቩን እንደገና ከመስራቴ በፊት ወንዞቹ ላይ ልቆራርጥ፣ ጎማን ከጨረስኩ በኋላ ስታይል ፋይሉን እዚሁ እለጥፈዋለሁ፣ ሌላ ወረዳ ሚሰራ ካለ ይውሰደው።